ስልኩን ቁም ሳጥኑ ላይ ከሰቀልኩት በኋላ

ይህን የምጽፈው ቤት ውስጥ እየሠሩ ትንሽ ልጅ ለሚያሳድጉ ነው፤ ልጄን ከስልክ አላቅቄ ወደ ጭቃና ሊጥ ጨዋታ እንዴት እንደመለስኩት ልነግራችሁ። በተለይ ደግሞ የደሴን ክረምት ለምታውቁ። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌ ሲገባ የጦሳ ተራራ ጉሙን ቁልቁል ይለቅብናል፣ ያጠባችሁት ልብስ ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል፣ ልጅም ደጅ አይወጣም። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄው ክረምት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። መኪናዬ ያለችው እዚያው የምንኖርበት ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ስለሚሠራ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው። ልጃችን አቡሽ (ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የምንለው) መሄድ ሲጀምር ሥራዬ ተበጠበጠ። መቀስ ይጎትታል፣ የክር ጥቅል ይፈታል፣ የመኪናዋ መርገጫ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን የሰርግ ቀሚስ ለማስረከብ ስጣደፍ ስልኬን ከፈትኩና እጁ ላይ አደረግኩለት። ጸጥ አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ቀሚሱን ጨርሼ፣ ተኩሼ፣ አጥፌ አስቀመጥኩ። ምነው እስከዛሬ ሳላስበው አልኩ፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሞግዚት ሆነ። ሲበላ ስልክ፣ ፀጉሩን ስቆርጠው ስልክ፣ ሲያለቅስ ስልክ። ባትሪው ሲያልቅ መሬት ላይ ይንከባለላል። 1 ዓመት ከ11 ወር ሲሆነው ከአፉ የሚወጣው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «እማ» እና «እንቢ»። በስሙ ስጠራው ዞር አይልም። ለሰው ስነግር «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አብሽሪ» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ስለሚለኝ አመንኩ። የመጀመሪያ ስህተቴ ይህ ነው። ወራት አባከንኩ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። መጀመሪያ ጆሮውን ነው ያዩት። ደህና ነው ተባለ። ቀጥሎ ባለሙያዋ በቀን ስንት ሰዓት ስልክ እንደሚያይ ጠየቀችኝ። «ትንሽ ትንሽ» አልኩ። ዝም ብላ አየችኝ። አቡሽ በዚያች ቅጽበት ቦርሳዬን ከፍቶ ስልኩን እየፈለገ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላውና ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም እንደሚል፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር እንደሚሻል የነገረችኝ እሷ ናት። የኔው ልጅ ከስድስት ሰዓት በላይ ያይ ነበር። ያን ቁጥር ለባለቤቴ እንኳ የነገርኩት ከወራት በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የልጅ ንግግር በዘገየ ቁጥር ጥፋቱ የስልክ ነው እያልኳችሁ አይደለም። ጆሮ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣቱ የማይጠቁም ልጅ ካላችሁ «ይዘገያል» የሚለውን ምክር ተዉትና አስመርምሩ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ጨዋታ ከምርመራው ጎን የሚሄድ ነው እንጂ ምርመራውን አይተካም።

የዚያን ዕለት ማታ ስልኩን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ቀን አለቀሰ። ግድግዳ ተማታ፣ ምግብ እንቢ አለ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ሁለተኛው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ስልኩን ወሰድኩበት፣ በምትኩ ግን ምንም አልሰጠሁትም። ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገውን ነገር ድንገት ነጥቄ ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት። ቀጠልኩና ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። ፒያሳ ወርጄ በ1,800 ብር የሚያወራ፣ መብራት የሚያበራ መጫወቻ ገዛሁ። በሁለተኛው ቀን ባትሪ መክደኛውን ነቅሎ ወረወረው። ያ 1,800 ብር የአንድ ሙሉ ቀሚስ ጉልበት ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ እናቴ ከኩታበር መጣች። ልጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም። በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና አጥሩ ሥር ሰው የማይረግጠው፣ ከብትና ዶሮ የማይደርስበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆፍራ ጭቃ በሳፋ ይዛ ገባች። ወለሉ ላይ አሮጌ ማዳበሪያ አነጠፈች። «ና እስቲ አባ፣ ላም እንሥራ» አለችው። እኔ በሆዴ ይሄ ልጅ እንኳን ላም ሊሠራ ወደሷም አይዞርም እያልኩ ነበር። እሷ ግን እንዲዞር አልጠበቀችም። ለራሷ መሥራት ጀመረች። ጭቃውን በመዳፏ ታድበለብላለች፣ ትጠፈጥፋለች፣ እያንጎራጎረች። አቡሽ መጀመሪያ በአንድ ጣት ነካ። ጣቱን አየው። ደግሞ ነካ። ከዚያ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ነከረው።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። አቡሽ የሠራው ላም አልነበረም። ድቡልቡል ጭቃ ነው፣ መሀሉ ላይ የጣት ቀዳዳ ያለው። እኔ ሰፊ ነኛ፣ ያልተስተካከለ ነገር አያስችለኝም። ተቀበልኩትና አራት እግር አወጣሁለት፣ ጭራ ቀጠልኩለት፣ «ይኸው ላም!» ብዬ መለስኩለት። አየው፣ አስቀመጠው፣ ተነሥቶ ሄደ። ወደ ቁም ሳጥኑ። እናቴ ቀና ሳትል «ላሟ ያንቺ ናት የሱ?» አለችኝ።

«የሱ፤ ግን እኮ ላም አልመሰለችም።»

«ለሱ ከመሰለችው ምን አገባሽ። ያንቺን ለብቻሽ ሥሪ።»

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ልጄ የሠራውን ነገር ማስተካከል ተውኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። እጄን ጉልበቴ ሥር ቀብሬ የተቀመጥኩበት ጊዜ አለ። ግን ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህንን ያዙልኝ፤ የሁለት ዓመት ልጅ የሚፈልገው ያለቀውን ዕቃ አይደለም፣ መሥራቱን ነው። ጭቃው እጁ ላይ ሲቀዘቅዝ፣ ሲያዳልጥ፣ ሲሰነጠቅ። ዕቃውማ ወዲያው ይረሳዋል።

በሳምንቱ እናቴ ከመጥረጊያው ሁለት ጭራሮ መዝዛ የላሟ ራስ ላይ ሰካች። «ቀንድ» አለች። አንዱ ወደቀ። አነሣችውና «ቀንድ» አለች። ደግሞ ወደቀ። በሦስተኛው ምንም ሳትል ጭራሮውን ይዛ ጠበቀች። በጣም ረጅም ጊዜ ጠበቀች፣ እኔ ብሆን ሦስት ጊዜ ተናግሬለት ነበር። አቡሽ ጭራሮውን አየ፣ አፏን አየ፣ «ኧንድ» አለ። መኪናዬን አቆምኩ። ክሩ ተበጠሰ። «እማ፣ ቀንድ ነው ያለው?» አልኳት። «ታዲያ ምን ይበል፣ ቀንድ አይደል እንዴ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

እሷ ያደረገችውን በኋላ አሰብኩበት። ነገሩን በእጁ እያስያዘች አንድ ቃል ብቻ ትደጋግማለች። ዓረፍተ ነገር አታበዛም። ከዚያ ዝም ትላለች፣ እሱ እንዲሞላው። እናንተም ስታደርጉት በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አሥር ቁጥር ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያኔ ነው የሚገባችሁ።

ጭቃውን በተመለከተ ሦስት ነገር ልብ አድርጉ። ከመጸዳጃና ከፍግ የራቀ አፈር ውሰዱ። ጥፍሩን ቁረጡለት። ሲጨርስ እጁን በሳሙና እጠቡት፣ እሱ ራሱ ይታጠብ፣ መታጠቡም ጨዋታ ነው። አፉ ይከታል ወይ? አዎ፣ አንዴ ይቀምሳል። ጣዕሙን ካየ በኋላ የኔው ደግሞ አልፈለገውም።

የዝናቡን ውኃም ተጫወትንበት። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ የብረት ሳህን፣ የላስቲክ ጣሳ በተርታ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ታስቀምጣላችሁ። እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው። እኛ በር ላይ ተቀምጠን «ጣ ጣ»፣ «ዱብ ዱብ» እያልን ነበር የምናዳምጠው። ልጅ ቃል ከመናገሩ በፊት ድምፅ ነው የሚያስመስለው፤ የ«ዱብ» ባለቤት የሆነ ልጅ ወደ «ዳቦ» ሩቅ አይደለም። የወረቀት ጀልባም ቦዩ ላይ እንለቃለን። ግን ውኃ ያለበት ባልዲና ሳፋ አጠገብ ልጅ ብቻውን አትተዉ፣ ለአንድ ደቂቃም። በዚህ ዕድሜ ጭንቅላታቸው ይከብዳቸዋል፣ ከተደፉ መነሣት አይችሉም። 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይበቃል። ስንጨርስ ዕቃውን ሁሉ እንደፋለን።

አሁን ወደምፈራው ታሪክ ልምጣ። ሐምሌ መጨረሻ፣ እሑድ ነው። ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ቶና ላይ ደርሰናል። መሀል ላይ ቆሎ በሰፌድ ተቀምጧል፣ የሽምብራ ቆሎ የተቀላቀለበት። አቡሽ እፍኝ ሙሉ አነሣና እየሮጠ ወጣ። ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ ሳል ሰማሁ። ከዚያ ሳሉ ቆመ። ያ ጸጥታ ነው የሚያስፈራው፤ አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም፣ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ እየሄደ ነው። እኔ ቀጥ አልኩ፣ እጄን አፉ ውስጥ ልከት ነበር። ከጎናችን ያሉት እናት፣ የግቢው ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው፣ ገፈተሩኝና ልጁን ነጠቁኝ። በጭናቸው ላይ በሆዱ አስተኝተው፣ ራሱን ዝቅ አድርገው፣ ትከሻዎቹ መሀል በመዳፋቸው መቱት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው አንዲት ሽምብራ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ቀጥሎ ለቅሶው። እንደዚያ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ ቡና ጋባዦች ሆይ፣ ስሙኝ። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ለውዝ፣ ደረቅ ከረሜላ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቡና ሲፈላ ልጁ ከሰፌዱም ከከሰሉም ይራቅ። የልብስ ቁልፍም ያው ነው፤ የኔ ቁልፎች አሁን ክዳኑ የሚጠብቅ ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ከታነቀ ደግሞ፦ እያሳለው ከሆነ ተዉት ይሳል፣ አትምቱት። ድምፅ ካጣ ግን ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ ትከሻዎቹ መሀል 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ፣ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከኋላው አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። እየቀያየራችሁ ቀጥሉ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ለእርዳታ ይሩጥ። የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ የበለጠ ነው የምትገፉት። እኔ ይህን የተማርኩት ከሆነ በኋላ ነው። እናንተ ከወዲሁ ተማሩት።

ቆሎው ሲቀር የሱን ቦታ የያዘው በሶ ነው። የገብስ በሶ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ቁንጥር ጨው። ዱቄቱን ደረቁን አትስጡት፣ ሲተነፍስ ይገባበታል። ደህና አርሳችሁ አሹትና ቁራሹን ለሱ ስጡት፣ በመዳፉ ጭብጦ ያድርገው። የአቡሽ ጭብጦ ክብ ሆኖ አያውቅም፣ ግን የራሱን እስከ መጨረሻ ይበላል። ማር የምትጨምሩ ካላችሁ፣ ልጁ 1 ዓመት ካልሞላው ማር ክልክል ነው፣ በጣት ለማላስም ቢሆን። በክረምቱ በለስም ከቆላው ይመጣል፤ ሲጨብጠው እሾሁ ይወጋዋል፣ ሲውጠው ደግሞ ፍሬው ያስቸግራል። ሆዱን አድርቆ ሁለት ቀን ያስጨንቃችኋል። ቀምሶ ይብቃው።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። እናቴ በዋዜማው ለሙልሙል ሊጥ ስታቦካ አቡሽን ጠረጴዛው ላይ አጠገቧ አስቀመጠችው። አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ለብ ያለ ውኃ። ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤ የለም። በኛ ብርድ ሊጥ ቶሎ አይነሣም፣ እሳቱ አጠገብ በነጠላ ተሸፍኖ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየ። አቡሽ በየመሀሉ እየሄደ ነጠላውን ገለጥ ያደርጋል። ሲያብጥ ዓይኑ ፈጠጠ። በጣቱ ጠቅ አደረገው፣ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲሞላ ሳቀ፣ ደግሞ ጠቅ። ይሄን ብቻ ግማሽ ሰዓት ተጫወተ። ከሊጥ የተሻለ መጫወቻ ሱቅ ውስጥ የለም እላለሁ። ጨው በብዛት ጨምራችሁ የማይበላ የመጫወቻ ሊጥ ከመሥራት ይህኛው ይሻላል፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ ይልሰዋል፣ ያ ሁሉ ጨው ሆዱ መግባት የለበትም።

የየራሳችንን ሙልሙል ሠራን። የሱ የአውራ ጣቱ አሻራ ያለበት ጠፍጣፋ ነገር ነው። ምጣድ ላይ አክንባሎ ተከድኖበት ሲወጣ አሻራው አለ። ማታ ልጆቹ ዱላቸውን እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ መጡ፣ ለነሱ የሚሰጠውን ሙልሙል እሱ ይዞ እንዲወጣ አደረግን። የራሱን ግን አልሰጠም። «እንቢ!» አለ፣ ይቺ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛ ቦታዋ ዋለች። አንድ ስህተት ግን ሠራሁ። ችቦውን ቀረብ ብሎ እንዲያይ ብዬ ወሰድኩት፣ በዚያ ላይ ጅራፉ ጆሮው ላይ ጮኸ። ሌሊቱን ሲባንን አደረ። ለትንሽ ልጅ በዓልን ከሩቅ፣ በእቅፍ፣ አጭር አድርጉለት። እሳትና ጅራፍ ለትልልቆቹ ነው።

ጳጉሜ ላይ እናቴ ወደ አገሯ ተመለሰች። ፈራሁ። ግን እንቁጣጣሽ ቀረበ፣ ሠፈሩ ውስጥ ልጆች አበባና ፀሐይ በወረቀት ሥለው ሊያዞሩ ሲዘጋጁ አየሁ። ቀለም ልግዛ ብዬ አሰብኩና 1,800 ብሯ ትዝ አለችኝ። ከጓዳ ሠራሁት። አንድ ሲኒ ዱቄት በሦስት ሲኒ ውኃ በጥብጣችሁ፣ እሳት ላይ እስኪወፍር ታማስላላችሁ። ቀዝቀዝ ሲል ታካፍሉታላችሁ። አንዱ ላይ እርድ፣ አንዱ ላይ የተፈጨ ቀይ ሥር ጭማቂ፣ አንዱ ላይ የቡና አተላ፣ አንዱ ላይ የተወቀጠ ጎመን ውኃ። ቢልሰው አያስጨንቅም። ከሁለት ቀን በላይ ግን አይቆይም፣ ይኮመጥጣል። ብሩሽ የሚሆነው ብጣሽ ጨርቅ ነው፣ እንጨት ጫፍ ላይ በክር ይታሰራል። ድንች ለሁለት ሰንጥቃችሁ እንደ ማህተም ማተምም አለ፤ ለትንሽ እጅ ከብሩሽ ይቀላል።

እርዱ ልብስ ያበላሻል። ለደንበኛ የተሰፋ ነጭ ሸሚዝ ላይ አምስት ቢጫ ጣት አሳረፈልኝ። አጥቤ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት፣ ዕድሌ ሆኖ መስከረም ፀሐይ ይዞ ገብቶ ነበር፣ በሁለት ቀን ደበዘዘ፣ በሦስተኛው ጠፋ። የእርድ ቀለም ፀሐይን አይችልም። ጥሩ ዕውቀት ነው፣ ከልጅ ጋር ለምትኖር።

የሣለውን ለእማማ ወሰድንላቸው። ዓመት በዓሉ የሳቸው አይደለም፣ ሙስሊም ናቸው፣ ግን ወሎ ውስጥ ይሄን ማን ይቆጥራል። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ማሻአላህ፣ ምንድነው ይሄ የኔ ጌታ?» አሉት። እኔ አበባ ነው ልል አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። «ላም» አለ። ቢጫ ላም። «ሸጋ ላም ናት» አሉና ግድግዳቸው ላይ ለጠፉት፣ ቁጭ ብለው መረቁት። ብር ሊሰጡት ሲሉ ተምር አድርጉልኝ አልኳቸው፤ ፍሬውን አውጥተው፣ በጥርሳቸው ከፍለው ሰጡት።

ለመስቀል ደግሞ ጭራሮ በክር አስረን፣ ዐደይ አበባ ጫፉ ላይ ሰክተን፣ ክንድ የምታህል ደመራ በር ላይ አቆምን። አልለኮስናትም። ስትወድቅ ማቆም፣ ስትወድቅ ማቆም፣ ጨዋታው እሱ ነው።

ጥቅምትና ኅዳር የእሸት ጊዜ ነው። ከሰኞ ገበያ የአተርና የባቄላ እሸት ገዝቼ ፊቱ አፈስሳለሁ። ቅርፊቱን በጥፍሬ ትንሽ እከፍትለታለሁ፣ ቀሪውን እሱ ይፈለፍላል። ፍሬው ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ ይቆጥራል፣ «አን፣ አን፣ አን»። ሁሉም አንድ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ነው የምሰፋው፣ ዓይኔ ከሱ ሳይነቀል፤ ጥሬው ወደ አፍ እንዳይሄድ። ማታ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ደቁሼ በትንሽ ዘይት እሰጠዋለሁ። ምግብ እንቢ የሚል ልጅ ራሱ የፈለፈለውን እንቢ አይልም። ቢያንስ የኔው።

እዚህ ላይ ሥራዬን እንዴት አደረግሽው ለምትሉኝ፦ ጠዋት መኪናዬን ከመንካቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለሱ እሰጣለሁ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስልክ በሌለበት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ብቻውን እግሬ ሥር ይጫወታል። ቀድሜ ሥራ ከጀመርኩ ግን ቀኑን ሙሉ ይጎትተኛል፣ ሥራውም እሱም ይበላሻሉ። ብጣሽ ጨርቅ የሞላ ካርቶን ሰጥቼዋለሁ፤ ያወጣል፣ ይከታል፣ ያለብሳል። ለገና የአባቱን ያረጀ ካልሲ በብጣሽ ሞልቼ ሰፋሁለትና ኳስ ሆነ፣ አባቱ አጭር ዱላ ቆርጦለት ግቢ ውስጥ ገና ተጫወቱ። ዱላው የመታው ኳሱን ሳይሆን የአባቱን ቁርጭምጭሚት ነው። «ጎል» የሚለው ቃል የመጣው ያን ቀን ነው።

ስለ ንግግሩ እንዳላጋንን። መስከረም መጨረሻ ላይ ቆጥሬ ነበር፣ 20 ቃል ገደማ። ሁለት ቃል ማያያዝ የጀመረው ጥር ውስጥ ነው፣ «አባ ና»። የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ አሁንም በየሦስት ወሩ ታየዋለች። አሁንም ከእኩዮቹ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ስልኩም ጨርሶ አልጠፋም፣ ኩታበር ለእናቴ በምስል እንደውላለን፣ ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ይመለሳል። ሲታመም አንድ ሁለት ጊዜ ተሸንፌ ሰጥቼዋለሁ። ሰው ነኝ።

ዒድ መጋቢት ውስጥ ነበር የዋለው፣ እማማ ጋ ሳምቡሳ ሲጠቀለል አቡሽ ሊጥ ቁራሽ ተሰጥቶት ተቀምጧል። የበልጉ ዝናብ በዚያው ሰሞን ነው የጀመረው። ቆርቆሮው ላይ መጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ ሊጡን ጣለና በሩ ላይ ሄዶ ቆመ። እማማ «ምን አየ?» አሉኝ። «ጭቃ» አልኳቸው።

የባለፈው ክረምት ላም አሁንም የስፌት መኪናዬ ጠርዝ ላይ ናት። ያቺ ድቡልቡሏ፣ መሀሏ ላይ የጣት ቀዳዳ ያላት። መኪናው ሲሠራ ትንቀጠቀጥና ጭራሮው ይወድቃል። አቡሽ ከየትም ይሁን እየሮጠ ይመጣል፣ ያነሣዋል፣ «ቀንድ ወደቀ» ይላል። እኔም መርገጫውን ለቅቄ እስኪሰካው እጠብቃለሁ።